ሸክላው ሲያምር ታማሚዎቹ ወጡ

በአንዳንድ የአሜሪካ ሙዚየሞች ውስጥ ጸጥ ያለ የሸክላ ዕቃ ታገኛላችሁ። ብዙውን ጊዜ የአበባ ማስቀመጫ ነው፤ አንዳንዴም ጎድጓዳ ሳህን። ቅርጹ ቀላል ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ አመድማ ወይም እንደ ደረቀ የትምባሆ ቅጠል ያለ ቡኒ ነው። አያብረቀርቅም። ገልበጥ አድርጋችሁ ቂጡን ብታዩት ሸራዋን የዘረጋች መርከብ ታትማበታለች። ከመርከቧ ጋር ኤም እና ፒ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ማርብልሄድ ፖተሪ፣ የማርብልሄድ ሸክላ ቤት ማለት ነው። ሰብሳቢዎች ለምርጥ ምርጡ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጡበታል።

ይህ ሸክላ ሲጀመር ለገበያ አልነበረም። እንደ ሽሮፕና እንደ ኪኒን ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነበር። የታዘዘላቸው ሰዎች ግን ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ከሸክላው ቤት ወጡ። ሸክላው ቀረ። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ጉዳዩን ከሥሩ ላውራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሙያው ትንሽ ልበል። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰው ከሕመም ወይም ከጉዳት በኋላ የዕለት ኑሮውን መልሶ እንዲይዝ የሚረዳ የጤና ሙያ ነው። ሸሚዝ መቆለፍ፣ መጉረስ፣ መጻፍ፣ ወደ ሥራ መመለስ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን ነው የሚያየው። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ከፊዚዮቴራፒ ጋር ያምታታዋል። አይፈረድበትም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን ማስተማር የጀመረው በቅርቡ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የተወለደውም በላብራቶሪ አይደለም። በሽመና ዕቃ፣ በመጋዝና በጭቃ መሀል ነው የተወለደው። ማርብልሄድ ከተወለደባቸው ቦታዎች አንዷ ናት።

ሐኪሙ ኸርበርት ጄምስ ሆል ይባላል። በ1870 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ተወለደ። በ1895 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሥራውን የያዘው ማርብልሄድ ነው፤ ከቦስተን በስተ ሰሜን ምሥራቅ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለች የባሕር ዳር ከተማ። ማርብልሄድ ድሮ የዓሣ አጥማጆች ነበረች። ኋላ ጫማ ሠሪዎች ገቡባት። በሆል ዘመን ደግሞ የቦስተን ባለገንዘቦች የሐምሌን ሙቀት የሚሸሹባት፣ በጀልባ የሚዝናኑባት ቦታ ሆናለች።

ወደ ሆል የሚመጡት ሰዎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ይደክማቸዋል። እንቅልፍ የላቸውም። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ሆዳቸው ይታወካል፣ ትንሹ ነገር ያስጨንቃቸዋል። ሲመረመሩ ግን ምንም የለም። ለዚህ ነገር ጆርጅ ቢርድ የሚባል የኒውዮርክ ሐኪም በ1869 ስም አውጥቶለት ነበር፦ ኒውራስቴኒያ። የነርቭ ጉልበት ማለቅ እንደማለት ነው። ሰው በተወሰነ የነርቭ ኃይል ይኖራል፣ የዘመኑ ሩጫ ያንን ኃይል ይጨርስበታል የሚል ሐሳብ ነበር። ዛሬ ይሄ ስም በብዙ አገር ከሐኪም አፍ ጠፍቷል። ስሜቱ ግን የጠፋ አይመስለኝም።

ኃይል ካለቀ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ዕረፍት፣ ይሉ ነበር። የዚህ ሕክምና አባት የፊላዴልፊያው ሐኪም ሳይለስ ዌር ሚቸል ነበር። ታማሚዋን፣ አብዛኞቹ ሴቶች ስለነበሩ ታማሚዋን ልበል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አልጋ ላይ ያስተኛታል። ወተት በላይ በላዩ ትጠጣለች። ገላዋ ይታሻል፣ ጡንቻዋ በኤሌክትሪክ ይነካካል። ጠያቂ ዘመድ አይገባም። ማንበብ የለም፣ መጻፍ የለም፣ ክርና መርፌም የለም። በ1887 ይሄ ሕክምና የተሰጣት አንዲት ወጣት ጸሐፊ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በሕይወት እስካለሽ ድረስ ብዕርና ብሩሽ እንዳትነኪ ተባለች። ልታብድ ጥቂት ነበር የቀራት። በኋላ ራሷ ጽፋዋለች።

አንዳንዱን ዕረፍቱ ረድቶታል፤ ያንን መካድ አይቻልም። የሆል ጥያቄ ግን ቀላል ነበር። አልጋ ላይ የተኛ ሰው እጁ ያርፍ ይሆናል፣ ሐሳቡስ? ሌሊቱን ሙሉ ሲፈጭ የሚያድረው እሱ አይደለም እንዴ? እንግዲያው እጁን ሥራ ቢሰጡት ሐሳቡ እጁን ተከትሎ አያርፍም ወይ?

ሥራ ለአእምሮ ሕመምተኛ ማዘዝ ራሱ አዲስ አልነበረም። ከሆል መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በእንግሊዝ በዮርክ ከተማ፣ በፈረንሳይም በፓሪስ፣ ሕሙማንን ከሰንሰለት ፈትተው ሥራ ያሠሩ ነበሩ። ኋላ ግን በትልልቆቹ የአእምሮ ሕሙማን ቤቶች ነገሩ ተበላሸ። ሕሙማኑ የሚያጥቡት የተቋሙን ልብስ፣ የሚያርሱት የተቋሙን እርሻ ሆነ። ሕክምና ይሁን ነፃ ጉልበት መለየት አስቸጋሪ ነበር።

ሆል ያገኘው ሌላ ምንጭ ነው። በዚያን ጊዜ ከእንግሊዝ የተነሣ የእጅ ጥበብ ንቅናቄ ነበር። ጆን ረስኪንና ዊሊያም ሞሪስ ፋብሪካው የሰውን እጅ አኮሰሰው፣ ሰው የሚሠራውን ዕቃ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በእጁ ይሥራ ይሉ ነበር። ሐሳቡ አትላንቲክን ተሻግሮ ቦስተን ገባ። በ1897 እዚያ የእጅ ጥበብ ማኅበር ተቋቋመ። የከተማው ወይዛዝርት ሳይቀሩ እንጨት መቅረጽና መጻሕፍት መጠረዝ ጀመሩ። በነገራችን ላይ እኛ ዘንድ በዚያው ዘመን ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን እንዲህ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ ማስነገር ነበረባቸው። የቦስተን ሀብታም ገንዘብ ከፍሎ የሚማረውን ሥራ የኛ ሰው ይሰደብበት ነበር። ይሄን ሳስብ ይገርመኛል፤ ብቻ ወደ ማርብልሄድ ልመለስ።

በ1904 ሆል ሥራውን ጀመረ። ለማስተማር ያመጣት ጄሲ ሉተር የምትባል የሮድ አይላንድ ሴት ናት። ጄሲ ቀላል ሰው አልነበረችም። ቺካጎ ውስጥ ጄን አዳምስ ባቋቋመችው ሃል ሐውስ በሚባል የስደተኞች መርጃ ማዕከል የሥራ ሙዚየሙን የመራች ናት። እዚያ ከአውሮፓ የመጡ ስደተኛ ሴቶች የአገራቸውን ፈትልና ሽመና በአደባባይ ያሳዩ ነበር፤ ልጆቻቸው እናቶቻቸውን እንዳይንቁ። ማርብልሄድ ስትመጣ ሽመና፣ የእንጨት ቅርጽ፣ የብረት ሥራና ሸክላ ያለበት ወርክሾፕ ተደራጀ።

አሠራሩን ልብ በሉ፤ የዚህ ጉዳይ ፍሬ እዚህ ጋ ነው። ሆል ዕረፍትን አልጣለውም። ታማሚው መጀመሪያ ያርፋል፤ ከዚያ ትንሽ ሥራ ይሰጠዋል፤ ቀስ በቀስ ይጨመርለታል። ልክ ሐኪም የመድኃኒት መጠን እንደሚጨምረው። ሥራና ዕረፍት በሰዓት እየተፈራረቁ ቀኑ መልክ ይይዛል። ሰውየው ዛሬ ደህና ነኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ክልክል ነው፤ ነገ ይወድቃላ። ዛሬ ደክሞኛል ብሎ ቢተውም ጥሩ አይደለም። ይህን ደረጃ በደረጃ መጨመር ዛሬም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች በየቀኑ ይሠሩበታል።

ሽመናው ለዚህ ሥርዓት ተስማማ። ለምን እንደሆነ የሸማኔን ቤት ያየ ሰው ይገባዋል። ድሩ አንዴ ከተወጠረ በኋላ ጀማሪም ይሠራዋል። መርገጫውን መርገጥ፣ መወርወሪያውን መላክ፣ ማጉን መምታት። ደግሞ መርገጥ፣ ደግሞ መላክ። እጅና እግር በአንድ ዜማ ይሄዳሉ። አሥር ደቂቃ ሠርቶ ማቆም ይቻላል፤ ጨርቁ ባለበት ይጠብቃል። ሁለት ጣት የምታህል ሥራ ብትሆንም ትታያለች። ስሕተትም ቢገባ ማጉን መልሶ መፍታት ነው።

ሸክላው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

በ1905 ሆል የሸክላውን ክፍል የሚይዝለት ባለሙያ ፈለገ። ከኒውዮርክ ግዛት፣ ከአልፍሬድ የሸክላ ትምህርት ቤት፣ ከፕሮፌሰር ቻርልስ ቢንስ ተማሪዎች አንዱ መጣ። አርተር ባግስ ይባላል። ገና የ18 ዓመት ልጅ ነው። ልጅ ይሁን እንጂ ተሰጥኦ ነበረው። እጁ የነካው ያምራል። የማርብልሄድን ባሕር፣ መርከቦች፣ ዓሦችና የባሕር ሣር ወስዶ በሸክላው ላይ ቀለል ባለ መስመር አስቀመጣቸው።

አሁን ራሳችሁን በታማሚዋ ቦታ አድርጉ። ስድስት ወር እንቅልፍ ያልተኛች፣ በራሷ ላይ እምነት ያጣች ሴት ናት። ሸክላ የሚሠራበት የሚሽከረከር ጎማ ፊት አስቀመጧት። ጭቃው አስቀድሞ በደንብ መታሸት አለበት፤ ውስጡ አየር ከቀረ ሥራውን ያበላሻል። ጎማው መሀል ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት፤ ካልተቀመጠ ይወላገዳል። ይህችን አንዷን ነገር ለመልመድ ብቻ ለጤነኛ ሰው ሳምንታት ይፈጅበታል። የእጅ መንቀጥቀጥ ሁሉ ጭቃው ላይ ይጻፋል። እንደምንም ቆመ እንበል። መድረቅ አለበት፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከዚያ ይተኮሳል። ከዚያ እንደ መስታወት የሚቀልጥ ቀለም ይቀባና ደግሞ ይተኮሳል። ውጤቱ የሚታየው ምድጃው ሲከፈት ነው፤ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ። የተከፈተ ዕለት ተሰንጥቆ ቢገኝስ? መጀመሪያም እኔ ለምንም አልሆንም ለምትል ሴት ይሄ መድኃኒት ነው ወይስ ፍርድ?

ይሄ የኔ አነጋገር ነው። ነገሩ በተግባር የሆነው ግን ተመዝግቧል። ሸክላ መሥራትና ታማሚ ማስተማር አብረው እንደማይሄዱ ቶሎ ታወቀ። ማርብልሄድ ያለው ታማሚ ለወራት ነው የሚቆየው፤ ሸክላው ዓመታት ይፈልጋል። ባግስ ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ከምድጃው እንዲወጣ አይፈልግም። ማንም ጥሩ ባለሙያ አይፈልግም። በዚህ ላይ ሰው መግዛት ጀመረ። ሱቆች ጠየቁ። በ1908 ሸክላ ቤቱ በሳምንት 200 የሚጠጋ ዕቃ ያወጣ ነበር። ሠራተኞቹ ጥቂት ናቸው፦ ንድፍ የሚያወጡ፣ ጎማው ላይ የሚሠራ፣ ቀለም የሚቀባና ምድጃውን የሚጠብቅ። በሽተኞች አይደሉም። ደሞዝተኞች ናቸው። ሸክላ ቤቱ ከሕክምናው ተለይቶ ራሱን የቻለ ንግድ ሆነ። በ1915 ባግስ ራሱ ገዛው።

በዚህ ውስጥ አጥፊ የለም። እኔ እስከገባኝ ድረስ ማንም በክፋት አላደረገውም። ሆል ታማሚዎቹ የማይረባ ኮተት እየሠሩ እንዲያፍሩ አልፈለገም፤ ዕቃው እውነተኛ፣ የሚያምር፣ ሰው የሚገዛው ቢሆን ክብራቸው ይመለሳል ብሎ አሰበ። ትክክል ነበር። ለአንድ ጎልማሳ የሕፃን መጫወቻ የመሰለ ሥራ ሰጥቶ ጎበዝ ማለት ስድብ ነው። ታዲያ ዕቃው እንዲያምር ባለሙያ አመጣ። ባለሙያው ዕቃውን አሳመረው። ዕቃው ሲያምር መለኪያው ዕቃው ሆነ። ያኔ የታማሚዋ እጅ እንቅፋት ሆነ። ወርክሾፑ ሁለት ጌታ ነበረው፤ አንደኛው የሚጠይቀው ሰውየው ምን ያህል ተሻለው ብሎ ነው፣ ሁለተኛው ማሰሮው ስንት ያወጣል ብሎ ነው።

ሕክምናው ግን በሸክላው መውጣት አልቆመም። በ1906 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለሆል 1,000 ዶላር ሰጠው፤ ኒውራስቴኒያ ደረጃ በደረጃ በሚጨመር የእጅ ሥራ ይድን እንደሆነ እንዲያጠና። በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። በ1910 ሪፖርቱን በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ አወጣ። የአምስት ዓመት ሥራ፣ መቶ ታማሚዎች። 59ኙ ተሻላቸው። 27ቱ በጣም ተሻላቸው። 14ቱ ምንም ለውጥ አላገኙም።

በዛሬ ዓይን ሪፖርቱ ብዙ ቀዳዳ አለው። የሚያነጻጽረው ሌላ ቡድን የለም። ተሻለው፣ አልተሻለውም ብሎ የፈረደው ሕክምናውን የሰጠው ሰው ራሱ ነው። በሽተኞቹ ከቤታቸው ጣጣ ርቀው፣ የባሕር አየር እየሳቡ፣ በሰዓቱ እየበሉና እየተኙ ነው የኖሩት። ሽመናው ነው ያዳናቸው ወይስ ከአማት መራቅ? ማን ያውቃል። ደግሞ ከፍለው የሚታከሙ፣ ሥራ ቢፈቱ የማይራቡ ሰዎች ናቸው። የቦስተን የፋብሪካ ሠራተኛ ነርቭ ቢደክም ማርብልሄድ ድረስ መጥቶ የሚሸምንበት አቅም የለውም። ለእሱ ሥራ መድኃኒት ሳይሆን በሽታው ነበር። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎችም ይህንኑ አንስተው ንቅናቄውን ይነቅፋሉ፤ ሀብታሞች የሠራተኛውን ጉልበት ለመዝናኛ ተዋሱት ይላሉ። በከፊል እስማማለሁ።

አንድ ነገር ግን አደንቅለታለሁ። አሥራ አራቱን አልደበቃቸውም።

ጄሲ ሉተር በበኩሏ ማርብልሄድ አልቆየችም። ዊልፍሬድ ግሬንፌል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በኒውፋውንድላንድና በላብራዶር ጠረፍ ለድሆች ዓሣ አጥማጆች ሆስፒታል ከፍቶ ነበር። ጄሲን አግባብቶ በ1906 ሴንት አንቶኒ ወሰዳት። ባሕሩ ለወራት በረዶ የሚሆንበት፣ ዓሣ ካልተያዘ የሚበላ የማይኖርበት አገር ነው። እዚያ ነርቭ ደከመኝ የሚል ባለገንዘብ የለም፤ ያለው ችግር ነው። ሴቶቹ ግን የቆየ ሙያ ነበራቸው። አሮጌ ጨርቅ ቆራርጠው በጆንያ ላይ በመንጠቆ እየሳቡ ምንጣፍ ይሠራሉ። ጄሲ ከዚህ ተነሣች። ንድፉን አስተካከለች፣ ጥራቱን ጠበቀች፣ ሚሲዮኑ ምንጣፉን ከሴቶቹ እየገዛ በአሜሪካና በእንግሊዝ ሸጠው። ግሬንፌል ምንጣፍ ተብሎ ስም አወጣ። በኋላ በ1920ዎቹ ከአሜሪካ ሴቶች የተቀደደ የሐር ካልሲ እየተለመነ፣ ማቅለሚያ ውስጥ እየተነከረ ምንጣፍ ይሠራበት ነበር።

ይህን ከማርብልሄድ ጎን ሳስቀምጠው አንድ ነገር ይታየኛል። እዚያ ገበያው ታማሚውን አስወጣ። እዚህ ገበያው ሴቶቹን አላስወጣቸውም። ለምን? ምንጣፉን ቀድሞውንም ይችሉት ስለነበር ይመስለኛል። ከእናታቸው የተማሩት ነው። ባለሙያዋ የመጣችው ሙያቸውን ልትነጥቅ ሳይሆን ልታሳምር ነው። በእርግጥ እዚያ ግቡ የተሰበረ ነርቭ መጠገን አልነበረም፤ ለክረምት ዱቄት መግዣ ነበር። ሁለቱን አንድ ማድረግ አይቻልም።

የሆል ሐሳብ ወደ ምዕራብም ተሻገረ። ከ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በከተማዋ የሳንባ ነቀርሳ በዛ። ፊሊፕ ኪንግ ብራውን የሚባል ሐኪም በተለይ ለሠራተኛ ሴቶች የሚሆን ማገገሚያ ለመክፈት ተነሣ። በ1911 ፌርፋክስ በምትባል ቦታ አሬኪፓ የተባለው ሳናቶሪየም ተከፈተ። ብራውን የማርብልሄድን ሥራ ሰምቶ ነበርና ሸክላ ቤት አቋቋመ። የሚመራው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሄርተን ሪድ ሆነ፤ በሙያው ስመ ጥር የሆነ ሰው።

ብራውን ከማርብልሄድ የተማረ ይመስላል። ከባዱ ሥራ፣ ጭቃ ማሸቱና ምድጃው፣ ለሌሎች ተሰጠ። ሴቶቹ የያዙት ቀላሉን ማስጌጥ ነው። የነቀርሳ ሕመምተኛ ሳንባዋን ማድከም ስለሌለባት ይሄ ያስኬዳል። ያገኙት ገንዘብ ለመኝታና ለምግባቸው ያግዝ ነበር። የአሬኪፓ ማኅተምም ደስ ይላል፤ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ማሰሮ።

ገንዘቡ ግን አልተገናኘም። ሪድ መሞከር የሚወድ፣ አዲስ ቀለም ሲቀምም የሚውል አርቲስት ነበር። ዕቃው ውብ ሆነ፣ ወጪውም ናረ። በ1913 ለቀቀ። ተከታዩ አልበርት ሶሎን ወደ ገበያው አዞረው። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የአሬኪፓ ሸክላ ለእይታ ቀረበ። ያም አልበቃም፤ በ1918 ሸክላ ቤቱ ተዘጋ። ማገገሚያው ራሱ ግን እስከ 1957 ሠራ። ብዙዎቹ ሴቶች በቆይታቸው ጥቂት ዕቃ አስጊጠው ድነው ሄዱ። ገና እጃቸው ሲለምድ ይሄዳሉ፤ መሄዳቸው ደግሞ የተፈለገው ነገር ነው። ለንግድ ይሄ ኪሳራ ነው፤ ሠራተኛህ በቻለ ቁጥር የምትሰናበትበት ፋብሪካ። ለሆስፒታል ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ትርፍ የለም።

ሆል ከሸክላው በኋላ ወዴት ሄደ? በ1912 ማርብልሄድ ውስጥ ዴቨሩ ማንሽን ወደሚባል ትልቅ ቤት ገባ። ሽመናው ቀጠለ። ጎማና ምድጃ የማይፈልግ ነገር ተጨመረ። ለምሳሌ ሲሚንቶ በቅርጽ ላይ እያፈሰሱ የአትክልት ማሰሮ መሥራት። ይሄ ብልህ ለውጥ ነው። ሲሚንቶ ቅርጹ ከተበጀለት ጀማሪንም አያሳፍርም። እሳት አይጠይቅም። ቆንጆ ዕቃም ይወጣዋል። ጭቃ የከለከላቸውን ነገር ሲሚንቶ ሰጣቸው ማለት ይቻላል። በአሁኑ ቋንቋ ሥራውን ለሰውየው ልክ መስፋት ይባላል፤ ሰውየውን ለሥራው ከመስፋት ይልቅ።

በመጋቢት 1917 በኒውዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ስድስት ሰዎች ተሰብስበው የኦኩፔሽናል ቴራፒን የመጀመሪያ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ስብሰባው የተደረገው ጆርጅ ባርተን በሚባል አርክቴክት ቤት ነው። እሱ ራሱ በሳንባ ነቀርሳና በእግር ጣቶች መቆረጥ ተፈትኖ፣ በአትክልት ሥራና በእንጨት ሥራ የተነሣ ሰው ነበር። ሆል በዚያ ስብሰባ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በ1920 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እስከ 1923 መራ። በዚያው ዓመት በ53 ዓመቱ ገደማ ሞተ። በመሀሉ አንደኛው የዓለም ጦርነት አልፏል። በ1918 የአሜሪካ ጦር የእጅ ሥራ የሚያስተምሩ ሴቶችን ወደ ፈረንሳይ ልኮ፣ በፍንዳታ ነርቫቸው የተነካ ወታደሮች በእንጨትና በብረት ሥራ እንዲያገግሙ አድርጓል። ማርብልሄድ ላይ በጥቂት ባለገንዘቦች የተጀመረው ነገር በጦር ሆስፒታል ለማንም ተራ ወታደር ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ሙያው ከእጅ ሥራ ቀስ በቀስ ራቀ። ሐኪሞቹ ቁጥር ጠየቁ፤ የክንድ መታጠፍ በዲግሪ፣ የጣት ጉልበት በኪሎ። ቅርጫት መሥራት ደግሞ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ይታይ ጀመር። ቅርጫት ሠሪዎች የሚለው ቀልድ ያሳፈራቸው ቴራፒስቶች ብዙ ናቸው። ግን ቅርጫቱ ምን አጠፋ? ስንደዶውን የሚይዘው ጣት፣ የሚቆጥረው ጭንቅላት፣ ነገም ልቀጥለው የሚለው ልብ፣ ሁሉም እዚያ አሉ። የሚያስቸግረው ለሁሉም ሰው ያንኑ ቅርጫት ማደል ነው። ሆል ጭቃውን በሲሚንቶ ሲለውጥ ያየው ይሄ ይመስለኛል።

ባግስ እንዴት ሆነ ብትሉኝ፣ በ1928 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሸክላ ጥበብ ሊያስተምር ሄደ። ማርብልሄድን በሩቅ ሆኖም አልተወውም። በ1936 ግን ሸክላ ቤቱ ተዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሠራው ባለክዳን የብስኩት ማስቀመጫ በሲራኪዩስ ብሔራዊ የሸክላ ውድድር አንደኛ ወጣ። እስከ ዛሬ እዚያው ከተማ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። በ1947 እስኪሞት አስተማሪ ሆኖ ኖረ። የተወሰኑ የማርብልሄድ ዕቃዎች ቂጥ ላይ ከመርከቧ አጠገብ ንድፉን ያወጣው ወይም ቀለሙን የቀባው ሰው የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ይገኛሉ። ሁለት ፊደል ብቻ፣ በመርፌ የተጻፈ ያህል ደቃቃ። እነሱ የደሞዝተኞቹ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ጠማማ ማሰሮዎች የሠሩት እጆች በሆል ሪፖርት ውስጥ ነው ያሉት፤ 59፣ 27 እና 14 ተብለው።